ላም በሂንዱዎች ዘንድ ስላላት ክብርና በእኛ ቆላ ስላለው የከብት ፍቅር

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ነገር በክፍላችን ውስጥ የተነሣ አንድ ሣቅ ነው። ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህራችን ስለ ሕንድ አገር ሲያስረዱን፣ የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ላምን እንደማያርዱ፣ በከተማ መካከል እንኳ ላም መንገድ ላይ ብትተኛ ባለመኪናው ዞሮ እንደሚያልፋት ነገሩን። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ከጓደኞቻችን አንዱ ብድግ ብሎ «መምህር፣ ታዲያ ለበዓል ምን ያርዳሉ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ደግሞ ሣቁ የባሰ ሆነ። በኋለኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ አንድ የሱሪ ልጅ ግን አልሣቀም ነበር።

በዕረፍት ጊዜ ጠጋ ብዬ «አንተን አላሣቀህም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የሚያሥቀውስ የእናንተ ነው» አለኝ። «አባቴ ብዙ ከብት አለው፤ ነገር ግን ሥጋ አማረኝ ብሎ አንዲት ላም ሲገድል አይቼው አላውቅም። በእናንተ ዘንድ ግን አንዲት ጥጃ የሌለው ሰው እንኳ በበዓል ቀን ከጎረቤቱ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ያርዳል።» ስለ ቅርጫ መናገሩ ነው። እኔም የምመልስለት ቃል አጣሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። መምህራኖቼን ጠየቅሁ፤ በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትን ጥቂት መጻሕፍት አገላበጥሁ፤ አያቴንም አስቸገርኋቸው፤ ከሁሉም ይልቅ ያን ጓደኛዬን ብዙ ጠየቅሁት። ያገኘሁትንም እነሆ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሂንዱ ሃይማኖት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ሂንዱ» የሚለው ስም ከኢንዱስ ወንዝ ጥንታዊ ስም የወጣ ነው። ሃይማኖቱ እንደ ክርስትና ወይም እንደ እስልምና ተለይቶ የሚታወቅ አንድ መሥራች የለውም፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ቀስ በቀስ ያደገ ነው። ከሁሉ የቀደሙት መጻሕፍቱ ቬዳ ይባላሉ፤ ከእነርሱም ጥንታዊው ክፍል 3,000 ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ዕድሜ እንዳለው ሊቃውንት ይናገራሉ። በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ሰው 80 ያህሉ ሂንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ከኔፓልም ሕዝብ አብዛኛው የዚሁ ሃይማኖት ተከታይ ነው።

ሂንዱዎች የሰው ነፍስ ከሥጋው ጋር አትሞትም፤ እንደ ገና በሌላ አካል ትወለዳለች ብለው ያምናሉ። የምትወለድበትም አካል፣ የሚደርስባትም ደስታ ወይም መከራ በቀድሞ ሥራዋ መጠን ነው፤ ይህንም ካርማ ይሉታል። እንግዲህ ነፍስ ከሰው ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳም ወደ ሰው የምትመላለስ ከሆነ፣ እንስሳን መግደል ቀላል ነገር ሊሆን አይችልም። ሕይወት ያለውን ፍጡር ሁሉ አለመጉዳት የሚለው ትምህርታቸው አሂምሳ ይባላል።

ይሁን እንጂ አሂምሳ ለዶሮም ለፍየልም የሚሆን ትምህርት ነው። ላም ከሁሉ ተለይታ የከበረችው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ መልሱ እናትነቷ ነው። ሕፃን የእናቱን ጡት ከተወ በኋላ የሚያጠባው ማን ነው? ላም ናት። ያልወለደችውን ልጅ ወተት የምትሰጥ ፍጥረት እናት መባል ይገባታል ይላሉ። ከጥንቱ የቬዳ ስሞቿ አንዱ «አግንያ» ሲሆን፣ ትርጓሜውም «የማትገደል» ማለት ነው። የለመኗትን ሁሉ ስለምትሰጥ ካማዴኑ ስለምትባል ላም የሚነገር ታሪክም አላቸው። ክሪሽና የተባለው አምላካቸው በልጅነቱ በእረኞች መካከል ያደገ ነው፤ ከስሞቹም አንዱ ጎፓላ፣ ማለት «ላም ጠባቂ» ነው። በሺቫ ቤተ መቅደስ ፊት ደግሞ ናንዲ የሚባለው ኮርማ ከድንጋይ ተቀርጾ ተንበርክኮ ይታያል።

ስለዚህ «ሂንዱዎች ላም ያመልካሉ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ነገሩን አሳንሶ የሚያሳይ ነው። በበዓል ቀን የአበባ ጉንጉን አጥልቀውላት፣ ግንባሯን ቀለም ቀብተው ሲጸልዩ መታየታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ ሲጠየቁ፣ «የምናከብረው በእርሷ ውስጥ ያለውን የእናትነት ቸርነትና የሕይወትን ሁሉ ቅድስና ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኛም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንሳለም የውጭ አገር ሰው ቢያየን «እንጨትና ድንጋይ ያመልካሉ» ሊለን ይችል ይሆናል።

እዚህ ላይ መደበቅ የማይገባ አንድ ነገር አለ። በጥንቱ በቬዳ ዘመን ከብት ለመሥዋዕት ይታረድ፣ ለእንግዳም ይቀርብ እንደ ነበረ ከራሳቸው መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ሊቃውንት ያወጣሉ፤ ይህን የማይቀበሉ ሂንዱዎችም አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የቡድሃና የጃይን ትምህርት ከተነሣና የደም መሥዋዕትን ከነቀፈ በኋላ፣ የላም ክብር ከዘመን ወደ ዘመን እየጸና እንደ ሄደ ይነገራል። ዛሬም ቢሆን ሁሉም ሂንዱ አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡብ በኬረላ አገር የላም ሥጋ የሚበሉ ሂንዱዎች ይገኛሉ። የቤት ጎሽ ደግሞ ወተቷ ከላም ወተት የበለጠ ስብ ቢኖረውም ይህ ክብር አልደረሳትም፤ ትታረዳለች፤ ሕንድም የጎሽ ሥጋ በብዛት ወደ ውጭ ከሚሸጡት አገሮች አንዷ ናት። ምስኪን ጎሽ!

ሂንዱዎች ከላም የሚገኙ አምስት ነገሮችን እንደ ንጹሕ ይቈጥራሉ፤ እነርሱም ወተት፣ እርጎ፣ ንጥር ቅቤ፣ ሽንትና እበት ናቸው። ስለ ሁለቱ የኋለኞቹ ስንሰማ በክፍል ውስጥ አፍንጫቸውን የያዙ ነበሩ። ዳሩ ግን እናቶቻችን ወለሉንና ግድግዳውን በምን ይለቀልቁታል? በእበት አይደለምን? የሕንድ ገጠር ሴቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከደጋው ከሸዋና ከወሎ ወደ ማጂ የመጡ ወላጆች ደግሞ ኩበትን አይረሱትም። እዚህ እንጨት ስለ ሞላ ልጆቻቸው ኩበት ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ አደግን እንጂ፣ እንጨት በሌለበት አገር እንጀራ የሚጋገረው በእርሱ ነው። በሕንድም በሚሊዮን የሚቈጠር ቤተ ሰብ ምግቡን ያበሰለው በኩበት ነው።

ማርቪን ሃሪስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1966 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጽሑፍ ይህን ነገር በሰፊው አስረድተዋል። እንደ እርሳቸው አስተሳሰብ፣ ሕንዳዊው ገበሬ ላሙን ቢበላ የሚያርስለትን በሬ የምትወልድለትን፣ ማገዶና ፍግ የምትሰጠውን ያጠፋል። በተለይ በድርቅ ዘመን ርኃቡ ጸንቶበት ከብቱን ቢያርድ፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት አጥቶ ለሁል ጊዜው ይደኸያል። እንግዲህ ሃይማኖቱ በርኃብ ቀን እጁን ይይዝለታል ማለታቸው ነው። እኔ እንደ መሰለኝ ግን ይህ የነገሩ እኩሌታ ነው። ያረጀችና ምንም የማትሰጥ ላም በምጽዋት በሚተዳደሩ የላም መጦሪያ ቤቶች እስክትሞት ድረስ የምትመገበው ለጥቅም ተብሎ አይደለም።

የበሬ መጥፋት ምን እንደሚያመጣ ግን የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውና ክፉ ቀን የተባለው ርኃብ ከተነሣባቸው ምክንያቶች ዋናው የከብት እልቂት ነው። በሽታውም ኢጣልያኖች ከሕንድ አገር አስመጥተው በምጽዋ ወደብ ካወረዷቸው ከብቶች ጋር እንደ ገባ የታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙ ያህል አለቀ ይባላል። ገበሬው በሬ በማጣቱ መሬቱ ጦም አደረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ለሕዝቡ አርኣያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። ያ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2011 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከሕንድ የመጣብን ግን ክፉ ነገር ብቻ አይደለም። በላሞቻችን ጀርባ ላይ የሚታየውን ሻኛ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሻኛ ያለው የከብት ዘር መጀመሪያ የለመደው ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንዱስ ወንዝ አካባቢ መሆኑን የዘር ምርመራ አስረድቷል። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አፍሪካ ተሻግሮ ከዚህ ከነበረው ከብት ጋር ተዳቀለ። ስለዚህ በማጂ ገበያ የሚሸጠው በሬና በሕንድ ጎዳና ላይ የምትተኛው ላም ዘመዳሞች ናቸው።

አሁን አያቴ የነገሩኝን ላውሳ። አያቴ ማጂ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ በነበረችበት ዘመን፣ ለትምህርት ጅማ ሄደው ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ የአያቴ የሒሳብ መምህር ግን ሂንዱ ነበሩ። አንድ ጊዜ ለመስቀል በዓል ተማሪዎቹ ወደ ቤት ጋበዟቸው። በሬው በግቢ ውስጥ ሲጣል መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ማዕድ ሲቀርብም ሽሮ ብቻ በሉ። ተማሪዎቹ እየተጠቃቀሱ ሣቁባቸው፤ አያቴም አብረው ሣቁ።

በማግሥቱ አያቴ ደፍረው «ጌታዬ፣ ደም ይፈራሉን?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ መምህሩ ሳይቈጡ «አንተ አባትህ የሚቀመጡበትን በቅሎ አርደው ቢያቀርቡልህ ትበላለህ?» አሏቸው። አያቴ «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። መምህሩም «የእኔም እንዲሁ ነው» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። አያቴ ይህን ሲነግሩኝ «ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ዓመቱ አለቀ፤ ወደ አገራቸውም ተመለሱ» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እርሳቸው ጠይቄያቸው አላውቅም።

ወደ ቆላችን ልመለስ። ሱሪዎች ከማጂ ደጋ በታች በቂቢሽና በቱልጊት አካባቢ የሚኖሩ ከብት አርቢዎች መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በገበያ ቀን ከማየት በቀር ስለ ኑሯቸው የምናውቀው እምብዛም ነው። ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ፣ ከብት በእነርሱ ዘንድ እንዲያው ሀብት ብቻ አይደለም። የከብቱ ቀለምና ዝንጕርጕር ሁሉ ለየራሱ ስም አለው፤ እኛ «ቡሬ» ብለን የምናልፈውን እነርሱ በብዙ ይከፍሉታል። ለሰውም ከከብት ቀለም ስም ይወጣለታል። ወጣቱ አንድ የሚወደው በሬ ይኖረዋል፤ እየዘፈነ ያወድሰዋል። ሚስት ለማግባት ለልጅቱ ቤተ ዘመድ ከብት መስጠት ግዴታ ነው፤ ከብት የሌለው ሰው ጋብቻውም ወዳጁም ጥቂት ነው።

ምግባቸውም ከከብቱ የሚገኝ ነው፤ ሆኖም ከብቱ ሳይሞት ነው። ወተቱን ይጠጣሉ። ደሙንም ሲፈልጉ አንገቱን በጠፍር አሥረው ሥሩን በአጭር ቀስት ይወጉና በቅል ይቀበላሉ፤ ከዚያም ቍስሉን በጭቃ ይደፍኑታል፤ ከብቱም ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ደም መጠጣት በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ ነውር ስለ ሆነ፣ ይህን ስጽፍ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አንባብያን እንዳሉ አውቃለሁ። እኛ ቍርጥ ስንበላ የሚያየን የውጭ አገር ሰው ፊትም እንዲሁ መሆኑን ግን አንዘንጋ።

ታዲያ ሱሪና ሂንዱ በዚህ ነገር አንድ ናቸውን? አይደሉም። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የተማርሁት ይህን ልዩነት ነው። ሱሪ ከብቱን ይገድላል፤ የሚገድለው ግን ለሆዱ ሳይሆን ለታላቅ ነገር ነው። ሰው ሲሞት፣ ኮሞሩ የሚባለው የሥርዓት መሪያቸው ሲሾም፣ ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው ከብት ይወድቃል፤ ሽማግሌዎቹም አንጀቱን ዘርግተው የሚመጣውን ነገር ያነቡበታል። በሱሪዎች ዘንድ ብዙ ዘመን ያጠኑት የሆላንዱ ሊቅ ዮን አቢንክ፣ ሰዎቹ ይህን ያህል የሚወዱትን ከብት በዚያች ቀን ጨክነው መግደላቸው እንደሚያስደንቅ ጽፈዋል። ጓደኛዬን ስለዚሁ ስጠይቀው፣ «ርካሽ ነገር ለሞተ ሰው ይሰጣልን?» አለኝ። እንግዲህ የሂንዱው አክብሮት ቢላዋውን ፈጽሞ ይከለክላል፤ የሱሪው አክብሮት ቢላዋው የሚነሣበትን ቀን ይመርጣል። የደጋው ገበሬም ቢሆን በሬውን በስም እየጠራ የሚያርስ፣ ሲያረጅም አርዶ የሚበላ ነው። ከሦስቱ ማናቸውም ከብትን የሚንቅ አይደለም።

በደጋው የሚኖሩት ዲዚዎች ገበሬዎች ቢሆኑም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በቀድሞው ልማድ ዝናብ ሲጠፋ ሱሪዎች ከብት ነድተው ወደ ዲዚ ባላባት ይወጡ ነበር፤ ባላባቱም የዝናቡን ሥርዓት ይፈጽምላቸዋል። ዝናቡ ከደጋው፣ ከብቱ ከቆላው መሆኑ ሁለቱን ሕዝብ አስተሳስሯቸው ይኖር ነበር።

ከብትን መውደድ ግን ሁል ጊዜ ሰላም አያመጣም። በ1857 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ ሥር የነበሩ የሕንድ ወታደሮች ካመፁባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በጥርሳቸው የሚቀዱት የጥይት ወረቀት በላምና በዐሣማ ሞራ ተቀብቷል የሚል ወሬ ነበር፤ የላሙ ለሂንዱው፣ የዐሣማው ለእስላሙ ርኩሰት ነውና። በ1950 በሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት በ48ኛው አንቀጽ ላምና ጥጃ እንዳይታረድ መንግሥት እንዲጥር ያዛል፤ አፈጻጸሙ ግን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል። ማሕተመ ጋንዲ የላም ጥበቃን ከሂንዱ ሃይማኖት ዋና ነገር የሚቈጥሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሂንዱ ያልሆነውን በሕግ ማስገደድን ግን አልደገፉም። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ እንደ እርሳቸው አልሆኑም። በ2015 ከዴልሂ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር አንድ እስላም «በቤቱ የላም ሥጋ አለ» በሚል ወሬ ብቻ ጎረቤቶቹ ደብድበው ገደሉት። አሂምሳን ባስተማረ አገር ይህ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ስለ ሰው አገር ይህን ስጽፍ የራሳችንን ዝም ብል ደግ አይሆንም። በእኛም ቆላ ሰው በከብት ምክንያት ይሞታል። ድሮ በጦር ይደረግ የነበረው የከብት ዘረፋ፣ በሱዳን ጦርነት ዘመን ጠመንጃ በብዛት ከገባ ወዲህ ብዙ ነፍስ የሚያጠፋ ሆኗል። በዚህ ዓመት በጥር ወር ያ ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ቀረ። ሌቦች መጥተው የአባቱን ከብት እንደ ነዱና ታላቅ ወንድሙ እንደ ቈሰለ ሰማን። ወንበሩ ሁለት ወር ያህል ባዶውን ሰነበተ። ባለፈው ዓመት «ታዲያ ለበዓል ምን ያርዳሉ?» ብሎ ያሣቀን ልጅ ከሁላችን በፊት ደብተሩን አዘጋጅቶ የቀረበትን ትምህርት ይገለብጥለት ጀመር።

በመጋቢት ተመለሰ። ወንድሙ ድኗል፤ ከከብቱም ጥቂቱ ተገኝቷል። እንደ ተገናኘን ስለ ዘረፋው ብዙ ሊናገር አልወደደም፤ ይልቁንም «ያነበብኸውን ጨረስህ ወይ? ሕንዶቹ ለላሞቻቸው ስም ያወጣሉን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደሚያወጡ፣ ላክሽሚና ጋውሪ ብለው በአማልክቶቻቸው ስም ጭምር እንደሚጠሯቸው፤ በደቡብ በታሚል ናዱ ደግሞ ፖንጋል በሚባለው በጥር ወር በሚውል የመከር በዓላቸው አንዱን ቀን ለከብት ለይተው፣ ከብቶቹን እንደሚያጥቡ፣ ቀንዳቸውን ቀይና ሰማያዊ ቀለም እንደሚቀቡ፣ አበባም እንደሚያጠልቁላቸው ነገርሁት።

«ቀንዱን ሁሉ በአንድ ቀለም ነው ወይስ የበሬውን መልክ አይተው ነው?» አለኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሥዕል አውጥቼ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ ተመለከተው፤ በመጨረሻም በጣቱ አንዱን በሬ እየጠቈመ፣ ያ መልክ በእነርሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል ነገረኝና የሒሳብ ደብተሩን አውጥቶ መገልበጡን ቀጠለ።